አርማን ለድረ ገጽ ማዘጋጀት፦ ጥርት ያለ የቬክተር ምስል ከማተሚያ ቤት ፋይል እስከ ስልክ ስክሪን

ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ገላን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ አንድ ድርጅት ሲከፈት አርማው መጀመሪያ የሚሠራው ለታፔላ፣ ለማኅተምና ለደረሰኝ ነው። ድረ ገጽ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ቆይቶ፣ ሥራው ሰፋ ካለ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ድረ ገጹን በሚሠራው ባለሙያ እጅ የሚገባው አርማ ለስክሪን ታስቦ ያልተሣለ፣ በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጥራቱ የሳሳ፣ አንዳንዴም ከታፔላው ላይ በስልክ የተነሣ ፎቶ ይሆናል። ምስሉ በገጹ አናት ላይ ሲቀመጥ በቢሮ ኮምፒውተር ምንም ያልሆነ ቢመስልም፣ በደንበኛው ስልክ ሲከፈት ዳሩ ይደበዝዛል፤ የፊደላቱም ቀዳዳ ይደፈናል።

ይህ መመሪያ አርማን፣ ምልክቶችንና ቀላል ሥዕሎችን ኤስቪጂ በተባለው የቬክተር (ምስልን በነጥብና በኩርባ የሚይዝ) ፎርማት አዘጋጅቶ ድረ ገጽ ላይ የማዋልን ሥራ ከመነሻው ጀምሮ ይከተላል። ብዙዎች የሚጠይቁት «ኤክስፖርት» የሚለው መስኮት ሲከፈት የትኛውን ምርጫ መጫን እንዳለባቸው ነው። እኔ ግን የጥራቱ አብዛኛው ክፍል የሚወሰነው መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት ነው ባይ ነኝ። ኤክስፖርት በፋይሉ ውስጥ ያለውን ከማውጣት ያለፈ ነገር አይሠራም፤ የተበላሸ ሥዕል በትክክለኛ ምርጫ ቢወጣም የተበላሸ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ በታች ስለ ዝግጅቱ የሚናገሩት ክፍሎች ከሌሎቹ የረዘሙትም ለዚህ ነው።

ማብራሪያው እንዲጨበጥ አንድ የታሰበ አርማ እንያዝ። አርማው በሱሉልታ ያለ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት ነው እንበል፤ ክብ ቀለበት፣ በመካከሉ የላም ራስ፣ በጎኑ የሣር ቅጠል አለው፤ ከሥሩ ስሙ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፏል፤ ከስሙ በታች ደግሞ መፈክርና ስልክ ቁጥር ተደርድሯል።

ቬክተር ለምን እንደሚመረጥ

ጄፔግና ፒኤንጂ ምስልን በፒክስል (በትንንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች) ብዛት የሚይዙ ፎርማቶች ናቸው። ዛሬ በእጃችን ያሉት ብዙ ስልኮች በገጹ ላይ አንድ ፒክስል ተብሎ የሚቆጠረውን ቦታ በወርድም በቁመትም በሁለት ወይም በሦስት እውነተኛ ፒክስሎች ይሞሉታል። ስለዚህ በገጹ ላይ 200 ፒክስል ስፋት የተሰጠው አርማ እንዲህ ባለ ስልክ ላይ እስከ 600 ፒክስል ይፈልጋል፤ ፋይሉ 200 ብቻ ካለው ብራውዘሩ ይለጥጠዋል፤ መደብዘዙም ከዚህ ይመጣል። ኤስቪጂ ግን ምስሉን የሚይዘው በነጥቦች፣ በኩርባዎችና በቀለም ቁጥሮች በተጻፈ ጽሑፍ ስለሆነ ብራውዘሩ በሚታይበት መጠን ልክ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሥለዋል። ፎርማቱን የዓለም አቀፉ ድር ደረጃ አውጪ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2001 በደረጃነት ያጸደቀው ሲሆን፣ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያሉት ዋና ዋና ብራውዘሮች ሁሉ ይደግፉታል።

ይህ ሲባል ሁሉንም ነገር ወደ ኤስቪጂ መቀየር ይገባል ማለት አይደለም። የላሞቹ ፎቶ፣ የፋብሪካው ፎቶ፣ የሠራተኞቹ ፎቶ በጄፔግ ወይም በዌብፒ ይቀመጣል።

ትክክለኛውን ምንጭ መፈለግ

ሥራው የሚጀምረው ማተሚያ ቤቱን በመጠየቅ ነው። ሲጠይቁ «ሎጎውን ላኩልኝ» ካሉ የሚመጣልዎት ጄፔግ ነው። መጠየቅ ያለብዎት የተሣለበትን ዋናውን ፋይል ነው፤ ይህም የመሣያ ፕሮግራሞቹ የኮረል ድሮው ወይም የኢሉስትሬተር ፋይል፣ ኢፒኤስ ወይም ከእነዚህ በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት እንዲላክ ይንገሯቸው፤ ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፤ በፋይልነት የተላከውን ግን እንዳለ ያደርሳል።

ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ምንጭ ግን ብዙ ሰው የማያስበው የስቲከር መቁረጫ ፕሎተር ፋይል ነው። ድርጅቱ በመኪናው በር ወይም በመስተዋቱ ላይ የተቆረጠ ስቲከር ካለው፣ አንድ ሰው አርማውን ለማሽኑ ቢላዋ አዘጋጅቶታል ማለት ነው። ቢላዋው የሚከተለው መንገድ ብቻ ስለሆነ ጥላም፣ ፎቶም፣ የተደራረበ ትርፍ ቅርጽም በዚያ ፋይል ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ፊደላቱም ቀድመው ወደ ቅርጽ ተቀይረዋል። ቀለሙን እንደገና መሙላት ይኖርብዎታል፤ እሱ ግን ቀላሉ ሥራ ነው።

ፋይሉ ሲደርስዎ ስሙን አይመኑ። ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ የሚል ስም ይዞ በውስጡ ፎቶ ብቻ ያለው ፋይል ብዙ ነው። ለመለየት ፋይሉን ከፍተው ወደ መስመር ብቻ እይታ ይቀይሩት፤ በኢሉስትሬተር ኮንትሮልና ዋይን በመጫን፣ ኢንክስኬፕ በተባለው ነጻ የመሣያ ፕሮግራም ከ«ቪው» ሜኑ «ዲስፕሌይ ሞድ» ሥር «አውትላይን»ን በመምረጥ፣ በኮረል ድሮው ደግሞ «ዋየርፍሬም»ን በመምረጥ ይህ ይገኛል። የላሙ ራስና የፊደላቱ ጠርዝ በቀጭን መስመር ከታዩ እውነተኛ ቬክተር ነው፤ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ ግን የያዙት ፎቶ ነው።

ዋናው ፋይል ጨርሶ ከጠፋ እንደገና መሣል የግድ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች ፕሮግራሙ ፎቶውን ራሱ ወደ ቬክተር እንዲቀይረው ያዙታል። ለሣር ቅጠሉ ምናልባት ይሆን ይሆናል፤ ለቀለበቱና ለፊደላቱ ግን አይመከርም። ፕሮግራሙ ክብን እንደ ክብ አያውቀውም፤ በፎቶው ጠርዝ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ግድፈት በነጥብ እየተከተለ የሚንቀጠቀጥ ዳር ይሰጥዎታል፤ ፋይሉም ያለ አግባብ ይከብዳል። ፎቶውን ከታች አስቀምጠው ይቆልፉት፤ ቀለበቱን በክብ መሣያው፣ የላሙን ራስ በፔን መሣሪያው በጥቂት ነጥቦች ይሣሉት፤ ፊደሉን ደግሞ ከመሣል ይልቅ ፎንቱን ፈልገው ይጻፉት።

የፊደላቱ ጉዳይ

በእኛ ሥራ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ ችግር የሚፈጥረው ፊደል ነው። በኤስቪጂ ውስጥ በጽሑፍነት የቀረ ስም ተመልካቹ መሣሪያ ላይ ባለው ፎንት ይታያል፤ እርስዎ የመረጡት ፎንት እዚያ ከሌለ ብራውዘሩ ሌላ ይተካል። ፋይሉ እንደ ተራ ምስል ገጹ ላይ ሲገባ ደግሞ ከውጭ ፎንት እንዲያመጣ ስለማይፈቀድለት፣ ለገጹ የጫኑት ፎንት እንኳ አይደርሰውም።

ከዚህ የባሰው በአሮጌዎቹ አርማዎች ላይ ይገጥማል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተለመዱትና ማተሚያ ቤቶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙባቸው የቆዩት እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ የደረቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የድርጅቱ ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መቀየሩ መከናወን ያለበት ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያው ሄደው ወይም በስልክ አስረድተው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ያስቀይሩት፦ በኮረል ድሮው ኮንትሮልና ኪው፣ በኢሉስትሬተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ፣ በኢንክስኬፕ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ በመጫን ይከናወናል። ከመቀየሩ በፊት ግን ጽሑፉ ሊታረም የሚችልበትን ቅጂ ለብቻው ያስቀሩ፤ አንዴ ቅርጽ የሆነ ፊደል የፊደል ግድፈት ቢገኝበት መልሶ የሚጻፍ አይደለም።

ከዚያ በኋላ አርማው የሚታይበትን መጠን ያስቡ። የድረ ገጽ አናት ለአርማ የሚሰጠው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ፒክስል ነው። በሱሉልታው አርማ ላይ በዚህ ቁመት ውስጥ ቀለበቱ፣ የላሙ ራስ፣ ሁለት ቋንቋ ስም፣ መፈክርና ስልክ ቁጥር ሊሰፍሩ ነው ማለት ነው። ለታፔላ ስልክ ቁጥሩ አስፈላጊ ነበር፤ በድረ ገጽ አናት ላይ ግን አይነበብም፤ ተጫኑት ቢባል እንኳ አይደውልም። መፈክሩንና ስልኩን ከአርማው አውጥተው በገጹ ላይ በተራ ጽሑፍ ያስቀምጧቸው፤ ያኔ መፈለጊያዎችም ያገኟቸዋል፤ ስልኩም ሲነካ ይደውላል። ስሙን በተመለከተ እንደ ጭ፣ ቋ፣ ሟ ያሉ ጠባብ ቀዳዳ ወይም ቀጭን ቅጥያ ያላቸው ፊደላት ሲያንሱ ቀድመው የሚደፈኑት እነሱ ስለሆኑ ፊደላቱን ትንሽ ማራራቅና ከወፍራሙ ይልቅ መካከለኛውን የፎንት ውፍረት መምረጥ ይጠቅማል። ባለቤቱ «አርማዬን ቆረጥክብኝ» እንዳይሉ ሙሉውን አርማ ለገጹ ግርጌ፣ የተቀነሰውን ለአናቱ ማዘጋጀት ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

ቅርጾቹን ማጽዳት

ለኅትመት የሚሣል ሰው በወረቀቱ ነጭነት ይተማመናል። የማያስፈልገውን ክፍል ከመቁረጥ ይልቅ ነጭ ቅርጽ ይደርብበታል፤ በነጭ ወረቀት ላይ ይህ አይታወቅም። አርማው አረንጓዴ መደብ ባለው ገጽ ላይ ሲቀመጥ ግን የላሙ ጆሮ ሥር የተደበቀው ነጭ አራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይወጣል። ይህን ለማወቅ ከአርማው ሁሉ በታች ደማቅ ቀለም ያለው ትልቅ ቅርጽ ለጊዜው ያስቀምጡና ይመልከቱ። መሸፈኛ ሆኖ የተገኘውን ነጭ ቅርጽ ሁሉ ከሥሩ ካለው ቅርጽ ላይ ይቀንሱት፤ በኢንክስኬፕ «ፓዝ» ከሚለው ሜኑ «ዲፈረንስ»፣ በኢሉስትሬተር ከ«ፓዝፋይንደር» «ማይነስ ፍሮንት» ይህን ይሠራሉ። የላሙ ግንባር ላይ ያለው ነጭ ምልክት ግን መሸፈኛ ሳይሆን የሥዕሉ አካል ስለሆነ በነጭነቱ ይቆይ፤ የትኛው ነጭ ቀለም፣ የትኛው ነጭ ባዶ ቦታ እንደሆነ የሚለየው ዓይንዎ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

መስመሮችንም ይመርምሩ። በኤስቪጂ ውስጥ የመስመር ውፍረት ሁልጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እኩል ይከፈላል፤ በመሣያ ፕሮግራሙ «ወደ ውስጥ ብቻ» ወይም «ወደ ውጭ ብቻ» ተብሎ የተሰጠ ውፍረት ሲወጣ በሌላ መንገድ ስለሚተረጎም መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ለአርማ የሚሻለው መስመሩን ወደ ሙሉ ቅርጽ መቀየር ነው፤ በኢንክስኬፕ «ስትሮክ ቱ ፓዝ»፣ በኢሉስትሬተር «አውትላይን ስትሮክ» ይባላል። በአንጻሩ ለሜኑና ለስልክ የሚሆኑ ትንንሽ ምልክቶችን በመስመርነታቸው መተው ውፍረታቸውን በኋላ ከገጹ ስታይል (መልኩን ከሚወስነው ኮድ) ለመቀየር ያስችላል።

ቀጥሎ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቅርጾችን ይዩ። የሣሩ ቅጠል በሁለት አረንጓዴ ተከፍሎ የሁለቱ ጠርዝ በትክክል የተገጣጠመ ከሆነ፣ ብራውዘሩ የእያንዳንዱን ጠርዝ ለየብቻው ስለሚያለሰልስ በመካከላቸው የመደቡ ቀለም እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሆኖ ይታያል። ይህን መስመር ያየ ሰው ቅርጾቹ ያልተገጣጠሙ መስሎት ደጋግሞ ሊያጠጋቸው ይሞክራል፤ መፍትሔው ግን ማጠጋጋት ሳይሆን መደራረብ ነው። ፈዘዝ ያለውን አረንጓዴ በቅጠሉ ሙሉ ስፋት ያድርጉትና ጠቆር ያለውን ግማሽ ከላዩ ያስቀምጡ።

ጥላ፣ ብዥታና እንደ መረብ የተዘረጋ የቀለም ቅልቅል ያለባቸውን ክፍሎች ያስወግዱ ወይም ይተኩ። ኤስቪጂ ቀጥተኛና ክብ የቀለም ሽግግርን በራሱ ያውቃል፤ የመረቡን ዓይነት ግን ፕሮግራሞቹ ወደ ፎቶ ቀይረው ይሰኩታል፤ ከጥላም ብዙው ዕጣው ይኸው ነው። በዚህ መልክ አንድ የተደበቀ ፒኤንጂ ከገባ ፋይሉ ይከብዳል፣ ጥራቱም ወደ ጀመርንበት ችግር ይመለሳል።

ቀለም

የማተሚያ ቤት ፋይል በአራቱ የኅትመት ቀለሞች የተሠራ ነው፤ ኤስቪጂ ደግሞ በስክሪን ቀለም ብቻ ይናገራል። ፕሮግራሙ በኤክስፖርት ጊዜ ራሱ ይቀይረዋል፤ ውጤቱ ግን የሚጠበቀው አይደለም፤ በተለይ መቶ በመቶ ጥቁር ተብሎ የተሞላው ወደ ግራጫ ያደላ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ አረንጓዴው ደግሞ ይደክማል። ሰነዱን ቀድመው ወደ አርጂቢ (ወደ ስክሪን ቀለም) ይቀይሩና እያንዳንዱን ቀለም በዓይንዎ እያዩ በቁጥር ይወስኑ። የጥቁሩ ቁጥር ስድስት ዜሮ (#000000) ይሁን። የተወሰኑትን ቁጥሮች ለገጹ ስታይል ለሚጽፈው ሰው ያስተላልፉ፤ የአርማው አረንጓዴና የአዝራሩ አረንጓዴ በትንሹ ከተለያዩ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ከፒክስሉ መስመር ጋር ማስማማት

ቬክተር ከሆነ ሁልጊዜ ጥርት ይላል የሚባለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ምስሉ በመጨረሻ የሚታየው በፒክስል በተሠራ ስክሪን ላይ ነው። ወርዱ አንድ ፒክስል የሆነ ቀጥ ያለ መስመር መሐሉ በሙሉ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ በ10 ላይ ቢያርፍ፣ ግማሹ ወደ አንዱ ፒክስል፣ ግማሹ ወደ ሌላው ይወድቃል። የአንድ ሴራሚክ ወርድ ያለው ምንጣፍ በሁለት ሴራሚኮች መጋጠሚያ ላይ ሲነጠፍ የሁለቱንም ግማሽ እንደሚሸፍን ማለት ነው። ብራውዘሩ ግማሽ ፒክስል መቀባት ስለማይችል ሁለቱንም ግራጫ ያደርጋቸዋል፤ ጥቁርና ቀጭን መሆን የነበረበት መስመር ወፍራምና ደብዛዛ ይሆናል። ያው መስመር መሐሉ በ10.5 ላይ ቢያርፍ አንድ ፒክስል ሙሉ በሙሉ ይሞላል። ወርዱ ሁለት ፒክስል የሆነ መስመር ግን በሙሉ ቁጥር ላይ ማረፍ አለበት።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። የሰነዱን መለኪያ ከሚሊ ሜትር ወደ ፒክስል ይቀይሩ። ሥዕሉን በሚታይበት መጠን ላይ ያድርጉት፤ ለትንንሽ ምልክቶች 24 በ24 ፒክስል የተለመደ ነው፤ ለአናቱ አርማ ደግሞ ቁመቱን 48 ማድረግ ይቻላል። አንድ ፒክስል የሚርቅ የመስመር መረብ ያብሩና ቀጥ ያሉትንና አግድም ያሉትን ጠርዞች ሁሉ በመረቡ ላይ ያሳርፉ። የተቀየሩት ፊደላት ቀጥ ያሉ እግሮችም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ፤ በተለይ የሁሉም ፊደል ግርጌ በአንድ ሙሉ ቁጥር ላይ ከሆነ የስሙ መስመር በግልጽ ይነበባል። ኩርባዎችንና ዘንበል ያሉ መስመሮችን ግን አያስጨንቋቸው፤ እነሱ በማንኛውም ሁኔታ መለሳለሳቸው አይቀርም። በድሮ ኢንክስኬፕ የተሠራ ፋይል ከደረሰዎ መጠኑ ትንሽ ሊዛነፍ እንደሚችል ይወቁ፤ ፕሮግራሙ እስከ 0.91 እትም ድረስ አንድ ኢንችን በ90 ፒክስል ይቆጥር ነበር፤ ከ0.92 ጀምሮ ግን በ96 ይቆጥራል።

ይህ ድካም ሦስት እጥፍ ፒክስል ባለው ስልክ ላይ እምብዛም ላይታይ ይችላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት 1366 በ768 የሆኑ ላፕቶፖች እያንዳንዷን ግማሽ ፒክስል ያጋልጣሉ፤ ለወተት ድርጅቱ ትልቁን ትእዛዝ የሚሰጡት የግዢ ክፍል ሠራተኞች ደግሞ የተቀመጡት ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ኮምፒውተሮች ፊት ነው።

ገጹን መከርከምና ኤክስፖርት ማድረግ

ማተሚያ ቤቱ አርማውን በኤ4 ገጽ መሐል አስቀምጦት ከሆነና እንዳለ ከወጣ፣ ገጹ ላይ ትንሽ አርማ በትልቅ ባዶ ቦታ ተከቦ ይታያል። በኢንክስኬፕ ሁሉንም መርጠው ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር በመጫን ገጹን በሥዕሉ ልክ ያድርጉ፤ በኢሉስትሬተር አርትቦርዱን (የሥዕሉን ገጽ) በሥዕሉ ልክ ያስተካክሉ። ከተከረከመ በኋላ መጠኑ 47.83 የመሰለ ቁጥር ከሆነ ወደ 48 ያስፉት፤ አለዚያ በፊት የሠሩት የፒክስል ማስማማት ይፈርሳል።

በፋይሉ ውስጥ «ቪውቦክስ» የሚባል መግለጫ አለ። የሥዕሉ የራሱ መለኪያ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ብራውዘሩ ሥዕሉን በትክክል ማሳነስና ማሳደግ ላይችል፣ ሊቆርጠውም ይችላል። ስለዚህ በምንም ምክንያት አይጥፋ። ከእሱ ጎን ወርድና ቁመትም በቁጥር ቢኖሩ ይመረጣል፤ የገጹ ስታይል ዘግይቶ ሲደርስ አርማው ስክሪኑን ሞልቶ ብልጭ የሚለው እነዚህ ሲጎድሉ ነው። በደካማ ኔትወርክ ላይ ይህ ብልጭታ ለሰከንዶች ሊቆይ ይችላል።

በኢሉስትሬተር ከ«ፋይል» ሜኑ «ኤክስፖርት»፣ ከዚያም «ኤክስፖርት አዝ» ብለው ኤስቪጂን ይምረጡ። «ስታይሊንግ» ላይ «ፕረዘንቴሽን አትሪቢውትስ»ን፣ «ፎንት» ላይ «ኮንቨርት ቱ አውትላይንስ»ን፣ «ደሲማል» ላይ 2ን ያድርጉ፤ ወርድና ቁመት እንዲቀሩ ከፈለጉ «ሪስፖንሲቭ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። «ሴቭ አዝ» በሚለው መንገድ ሲያስቀምጡ የኢሉስትሬተርን የማረሚያ መረጃ አብሮ እንዲይዝ ከተደረገ ፋይሉ ብዙ እጥፍ ሊከብድ ስለሚችል ለድረ ገጽ አይጠቀሙበት።

ኢንክስኬፕ ነጻ ከመሆኑም በላይ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ ሥራውን ስለሚሠራ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። «ሴቭ አዝ» ውስጥ «ኦፕቲማይዝድ ኤስቪጂ»ን ይምረጡ፤ በሚከፈተው መስኮት የቪውቦክስ ምርጫው ምልክት እንዲኖረው፣ ሜታዳታና ኮሜንት እንዲወገዱ ያድርጉ። መደበኛው «ኢንክስኬፕ ኤስቪጂ» የፕሮግራሙን የራሱን መረጃ ስለሚይዝ ለማረሚያ ቅጂነት እንጂ ለገጽ አይሆንም። በኮረል ድሮው ኤክስፖርት ሲያደርጉ ጽሑፉ በኩርባነት፣ ኢንኮዲንጉም በዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8 ይውጣ። በፊግማ ደግሞ «አውትላይን ቴክስት» መመረጡን ማረጋገጥ በቂ ነው።

ማቅለል

ኤስቪጂ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል፤ አንዴ ከፍቶ ማየት ብዙ ያስተምራል። «ኢሜጅ» የሚል መለያና ከሱ በኋላ ማለቂያ የሌለው የፊደላት ጎርፍ ካዩ ውስጡ ፎቶ ተሰክቷል ማለት ነው፤ ያ ፎቶ በቤዝ 64 ስለሚጻፍ ከራሱ መጠን በሲሶ ያህል ይጨምራል። ወደ ጽዳቱ ክፍል ይመለሱ።

ፋይሉ ንጹሕ ከሆነ ኤስቪጂኦ የተባለው ነጻ መሣሪያ ወይም በብራውዘር የሚሠራው ኤስቪጂኦኤምጂ የቀረውን ትርፍ ያነሣል። ዋናው ማስተካከያ ከነጥብ በኋላ የሚቀሩት አኃዞች ብዛት ነው። ቪውቦክሱ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ይበቃል፤ 24 በ24 ለሆነ ምልክት ግን ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሲያንስ ክቦቹ ጠመም ማለት ይጀምራሉ። አንዳንድ የመሣሪያው እትሞች ቪውቦክሱን በራሳቸው ስለሚያጠፉት ያ ምርጫ መዘጋቱን ይመልከቱ። በመጨረሻም ሰርቨሩ የጽሑፍ ፋይሎችን በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ ጨምቆ እንዲልክ ያስደርጉ፤ ኤስቪጂ ተደጋጋሚ ቃላት ስለሚበዙበት በጥሩ ሁኔታ ይጨመቃል፤ በሞባይል ዳታ ለሚከፍለው ደንበኛም ቁጠባ ነው።

ገጹ ላይ ማስቀመጥ

ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እንደ ማንኛውም ፎቶ በምስል መለያ ማስገባት ነው፤ ለአርማ ይህ ይበቃል፤ ብራውዘሩም አንዴ ካወረደው በኋላ ያስቀምጠዋል። አማራጭ ጽሑፉ ላይ የድርጅቱን ስም በአማርኛ ይጻፉ፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጹን የሚያነበው መሣሪያ የሚናገረው እሱን ነው። ሁለተኛው የኤስቪጂውን ጽሑፍ በቀጥታ በገጹ ኮድ ውስጥ መለጠፍ ነው፤ ይህ የሚያስፈልገው ምልክቱ ቀለሙን ከገጹ ጋር እንዲቀይር ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሁለት ፋይሎች ለቀለም ሽግግራቸው ወይም ለስታይል ክፍላቸው አንድ ዓይነት መለያ ስም ካላቸው አንዱ የሌላውን ይወስዳል፤ የሣሩ ቅጠል ድንገት ሰማያዊ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። ከላይ «ፕረዘንቴሽን አትሪቢውትስ» ይመረጥ ያልኩትም የስታይሉን ግጭት ለማስቀረት ነው።

የድረ ገጽ መሥሪያው ወርድፕሬስ ኤስቪጂን በነባሪው አይቀበልም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ድክመት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ፋይሉ በውስጡ ስክሪፕት ሊይዝ ይችላልና። ፋይሉን እያጣራ የሚያስገባ ፕለጊን መጫን ይቻላል፤ ከማይታወቅ ቦታ የወረደን ኤስቪጂ ግን ሳይመረምሩ አይስቀሉ።

ኤስቪጂ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የገጹ አድራሻ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲላክ ከሥሩ የሚወጣው ምስል ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ መሆን አለበት፤ 1200 በ630 ፒክስል የተለመደው መጠን ነው። በኢሜይል ፊርማ ላይም ፒኤንጂ ይጠቀሙ። አይፎን ገጹን በመነሻ ስክሪኑ ላይ ሲያስቀምጥ የሚፈልገው 180 በ180 የሆነ ፒኤንጂ ነው።

መፈተሽ

ፈተናው ሥራው በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተደረገ አይቆጠርም፤ ፎንቶቹ ሁሉ እዚያ ስላሉ ያልተቀየረ ፊደል ቢኖር እንኳ ደኅና መስሎ ይታያል። ሌላ ሰው ስልክ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ አንድሮይድ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ እና አንድ የቢሮ ላፕቶፕ ይፈልጉ። በላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ማሳያ መጠን በ100 በመቶም በ125 በመቶም ሆኖ ይዩት፤ በ125 የፒክስል ማስማማቱ በከፊል ስለሚፈርስ ፊደሉ አሁንም የሚነበብ መሆኑን እንጂ ፍጹምነቱን አይጠብቁ። ስልኩን ወደ ጨለማ ገጽታ ይቀይሩ፤ ጥቁር የተጻፈው ስም በጥቁር መደብ ላይ ከጠፋ ነጭ የተጻፈበት ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል።

ፋይሎቹን ሲያስረክቡ ስማቸውን በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ባዶ ቦታ ይስጡ፤ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል አድራሻው ሲገለበጥ ወደ ረጅም የመቶኛ ምልክቶች ድርድር ይለወጣል። ለባለቤቱ ጽሑፉ የሚታረምበትን ዋና ፋይል፣ ሙሉውንና የተቀነሰውን ኤስቪጂ፣ የነጩን ቅጂና ፒኤንጂዎቹን በአንድ ማኅደር ይስጧቸው፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በራሳቸው ኢሜይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ባለሙያ እንደገና ታፔላውን ፎቶ እንዳያነሣ።